የእንጆሪ ቅቤ

ጎፋ ባለችው ትንሽዬ የሽቶ ሱቄ መደርደሪያ ላይ ከተሰለፉት ዘይቶች ሁሉ፣ ክዳኑን ከፍቼ ለደንበኛ አፍንጫ ሳቀርብ የራሴን ትንፋሽ የምይዝበት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም እንጆሪው ነው። ከዱባይ በአሉሚኒየም ጠርሙስ የሚመጣ፣ ቀይ ወረቀት የተለጠፈበት፣ ክዳኑ ገና ላላ ሲል ሱቁን በሙሉ ማስቲካ ማስቲካ የሚያሰኝ ዘይት ነው። ወጣቶቹ ይወዱታል። አንገታቸው ሥር ጠብ አድርገው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው «ውይ፣ ሲጣፍጥ!» ይላሉ፤ ሽታ እንዴት እንደሚጣፍጥ እነሱ ያውቃሉ። እኔም ነጋዴ ነኝና አፌን ዘግቼ በስሪንጅ እየሳብኩ ትንንሾቹ ብልቃጦች ውስጥ እሞላላቸዋለሁ፤ በሆዴ ግን፣ የኔ ምስኪኖች፣ እንጆሪ የሚባል ነገር መቼ ሸትቷችሁ ያውቅና እላለሁ።

ባለፈው ጥር አንድ ረፋድ ላይ ጌጤ ወደ ሱቄ ገባች። ጌጤ የሀና ማርያም የልጅነት ጎረቤቴ ናት፤ እኔን አዝላ ለመዞር የሚበቃ ያህል በዕድሜ ትበልጠኛለች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ አሮጊት እናቷን ይዛ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ትኖራለች። ሽቶ የምትቀባ ሴት ስላልሆነች ሰላም ልትለኝ ብቻ የመጣች መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ቦርሳዋን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ ደንበኞቹ እስኪወጡ ጠበቀችና፣ እናቷ አደ ጫልቱ ሊሞቱ እንደሆነ፣ ሐኪሞቹም ቤት ውሰጃቸው ብለው እንደመለሷቸው ነገረችኝ። ምግብ እንቢ፣ መድኃኒት እንቢ ብለዋል። የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የእንጆሪያችንን ሽታ አምጪልኝ ትለኛለች» አለች ጌጤ። «ከሱፐርማርኬት ገዝቼ ወሰድኩላት፤ አሸተተችና ይሄ ውሃ ነው ብላ መለሰችልኝ። አንቺ ሽቶ ነጋዴ አይደለሽ እንዴ ምሕረት? እስቲ አንድ ነገር አድርጊላት፣ በሞቴ።»

እሺ አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? እሷ ከወጣች በኋላ ያን ቀይ ወረቀት የተለጠፈበትን ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረድኩት፣ ክዳኑን ከፈትኩት፣ በዚህ ጊዜ ትንፋሼን አልያዝኩም። ማስቲካ። ከማስቲካው ጀርባ ግን፣ በጣም ርቆ፣ አንድ የማውቀው ነገር ያለ መሰለኝ፤ እሱን እየተከተልኩ ሳላስበው ሀና ማርያም ደረስኩ።

ያኔ ሀና ማርያም ከተማ መሆኗን ገና አልሰማችም ነበር። አባቴ ከወላይታ መጥቶ ነፋስ ስልክ አንድ ፋብሪካ ውስጥ በብየዳ ሠራተኝነት የተቀጠረ ሰው ነበርና ጎሕ ሲቀድ ወጥቶ አስፋልቱ ድረስ በእግሩ ይኳትናል፤ የተከራየናት ባለ ሁለት ክፍል የጭቃ ቤት ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ በኦሮምኛው «አደ» ብሎ የሚያከብራቸው የአደ ጫልቱ አጥር ላይ ተለጥፋ የተሠራች ስለነበረች፣ ጠዋት መስኮት ስንከፍት መጀመሪያ እንደምን አደራችሁ የሚለን የእሳቸው በሬ ነበር። ከቤታቸው ጀርባ መሬቱ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ከላይ ጤፍ፣ ከዚያ ሽንኩርትና ጎመን፣ ውሃው አጠገብ ሲደርስ ደግሞ እንጆሪ። እንጆሪ ስል በየቁጥቋጦው የምንለቅመውን እሾሃማውን አይደለም፤ መሬት ላይ ተጋድሞ የሚያፈራውን፣ የአሁን ልጆች ስትሮበሪ የሚሉትን ማለቴ ነው። በዚያ አካባቢ ሌላ ማንም አልነበረውም። የአደ ጫልቱ ባል በሕይወት ሳሉ ኦልድ ኤርፖርት አካባቢ ፈረንጅ ቤት አትክልተኛ ነበሩና፣ ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ዘበኛው ብርድ ልብስ፣ ወጥ ቤቷ ድስት ተሸልመው ሲወጡ፣ እሳቸው የእንጆሪ ችግኝ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው መጡ። አደ ጫልቱ በዚህ የተነሳ ባላቸውን ስንት ጊዜ እንዳኮረፏቸው ራሳቸው እየሳቁ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ድስቱ ያስፈልጋቸው ነበር።

ሰውየው ቶሎ ሞቱ፤ እንጆሪው ግን በየዓመቱ መሬት ለመሬት እየተንፏቀቀ ሰፋ። አደ ጫልቱ በበጋው ወራት ከወንዙ ውሃ እየጠለፉ ያጠጡታል፤ ፍሬው ጭቃ እንዳይነካ ከሥሩ የጤፍ ጭድ ያነጥፉለታል፤ ፀሐይ ሳትሞቅ ለቅመው፣ በቅርጫት ደርድረው፣ ላዩን በጎመን ቅጠል ሸፍነው ለሆቴሎችና ለፈረንጅ ቤቶች ይወስዳሉ። ለእኛ ለልጆች የተፈቀደልን ወፍ የነካካውን ብቻ ነበር። ሕጉ ግልጽ ነው፤ ወፍ አንዴ ጠቅ ካደረገው ፍሬው የልጅ ነው። ስለዚህ እኔ የጴንጤ ልጅ፣ በሰንበት ትምህርት ስለ ሕሙማንና ስለ መንገደኞች ጸልዩ ስንባል፣ ዓይኔን ጭፍን አድርጌ ወፎቹ እንዲበዙ ነበር የምጸልየው፤ እግዚአብሔርም ከጸሎቶቼ ሁሉ ያን አንዱን አሳምሮ ሰምቶኛል። ጠዋት ጠዋት ከማሳው ዳር ተቀምጬ ወፍ ስጠብቅ ያዩኝ አደ ጫልቱ «ወፍ ጠባቂዋ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሌላው ሰው ወፍ የሚጠብቀው ሊያባርር ነው፤ እኔ የምጠብቀው ወፎቹ እንዲመጡልኝ ነበር።

ሽታው ግን ለማንም አልተከለከለም። ማለዳ ሲለቀም ብዙም አይሸትም፤ ፍሬው በጤዛ ቀዝቅዞ ገና አልነቃም። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይ ጭዱን ማሞቅ ስትጀምር ነው ነገሩ የሚመጣው። መጀመሪያ ጣፋጩ ይደርሳል፤ ከጣፋጩ ሥር ኮምጠጥ የሚል፣ ምራቅ የሚያስውጥ ነገር አለ፤ ከእሱ ሥር ደግሞ የሞቀ ጭድ፣ እርጥብ አፈር፣ ራቅ ብሎ የታሰረው ወይፈን፣ ወንዙ። ነፋሱ ከታች ወደ ላይ የነፈሰ ቀን ግቢያችን ውስጥ የተሰጣው ልብስ ሁሉ ያንን ይዞ ይገባል፤ አባቴ በብየዳ ጢስ የጠቆረ ቱታውን ለብሶ ሥራ ሲሄድ እንኳ ከአንገትጌው እንጆሪ እንጆሪ ይላል። ፋብሪካ ውስጥ ጓደኞቹ «ሙሽራው መጣ» እያሉ ይስቁበት ነበር። ደስ የሚል ጊዜ ነበር። ያን ያህል ደስ የሚል ጊዜ መሆኑን ግን ማንም አልነገረን፤ ቢነግሩንም አንሰማም ነበር።

አደ ጫልቱ ከእንጆሪው ይልቅ የሚታወቁት በቅቤያቸው ነው። የሚበላውን አይደለም፤ የፀጉሩን። ለጋ ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግመው አጥበው፣ አሬራው ጨርሶ ሲለቀው፣ ደቆ የተነፋ የአደስ ቅጠልና ትንሽ ጠጅ ሳር ያስገቡበትና በኮባ ጠቅልለው ጥላ ውስጥ ያስተኙታል። ቅቤው የቅጠሉን ሽታ ቀስ ብሎ ይጠጣል፤ ሲፈታ ከግቢ አልፎ መንገድ ላይ ይሸታል። የሰፈሩ ሙሽራ፣ የሰፈሩ አራስ፣ ራሷን የሚያማት ሁሉ እሳቸው ጋ ነው የምትመጣው። እናቴ እንኳ፣ ሽቶ የተቀባች ሴት አጠገቧ ስትቀመጥ ወንበር የምትቀይረው እናቴ፣ የአደ ጫልቱን ቅቤ ከራሷ ላይ አታጣም ነበር። አንድ ቀን አባቴ ይሄስ ሽቶ አይደለም ወይ ብሎ ቢያሾፍባት «ሽቶ የዓለም ነው፣ ቅቤ የላም ነው» ብላ አፉን አስዘጋችው። የእሷ ልጅ ዛሬ ሽቶ ቤት ከፍታ መቀመጧን ሳታይ ማረፏ ለሁለታችንም ሳይሻል አይቀርም።

አደ ጫልቱ ነገር ሁሉ በአፍንጫቸው የሚያዩ ሴት ነበሩ። ልጅ አሞታል ተብሎ ሲመጣላቸው ግንባሩን ከመዳበሳቸው በፊት መሀል አናቱን ያሸቱታል፤ ዝናብ መምጣቱን ከደመናው በፊት ያውቁታል፤ እንጆሪ ሲለቅሙም ፍሬውን ገልብጠው ቀለሙን ከማየት ይልቅ ጎንበስ ብለው ይስባሉ። እኔና ጌጤ ከኋላቸው እየሄድን እሳቸውን እያስመሰልን አፍንጫችንን እናጮኻለን፤ እሳቸው ሳይዞሩ «ንፍጣችሁን ጥረጉ» ይሉናል።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ወጥቶ እንጆሪው ገና አበባ ላይ እያለ፣ ሰዎች መጡና ማሳው ውስጥ ጫፋቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካሎች ተከሉ። መሬቱ ለልማት ይፈለጋል ተባለ። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አስተካክለው አቤት ሊሉ ሄዱ፤ ተመለሱ፤ እንደገና ሄዱ፤ በመጨረሻ መሄዱንም ተዉት። አደ ጫልቱ ስለ ችካሉ አንድም ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም፤ ውሃ ሲመልሱ ችካል ካጋጠማቸው እንደ ድንጋይ ቆጥረው ዙሪያውን ይኮተኩታሉ። በዚያው ዓመት ጌጤ ለጥር ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል፤ ባልየው የአሰላ ሰው ነው። አደ ጫልቱ ከእሷ በቀር ልጅ የላቸውም።

ታዲያ አንድ ቀን ሽንኩርት ስንነቅል አደ ጫልቱ ወገባቸውን ቀና አድርገው ማሳውን አዩና፣ ለልጃቸው የሚያወርሱት መሬት እንደሌለ፣ በሬውም መሸጡ እንደማይቀር፣ ባዶ እጇን ግን እንደማይሸኟት ተናገሩ። «መሬቱን ባትወርሺ ሽታውን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አሏት። አደስ ቅቤ ውስጥ ከገባ፣ ጠጅ ሳር ከገባ፣ እንጆሪ የማይገባበት ምን ምክንያት አለ? በሠርጉ ዋዜማ ራሷን በእንጆሪ ቅቤ ሊቀቧት፣ የተረፈውን በቅል አድርገው ሊያስይዟት ወሰኑ። ጌጤ ሳቀች፤ እናትየው ግን አልሳቁም። እኔም ልጅ ብሆን ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ። ቅቤ የሰው ራስ ላይ እንደሚከርም፣ ከዚያም አልፎ ትራሱን፣ ሻሹን፣ ቤቱን እንደሚይዝ ያውቃሉ፤ ያ መሬት ከዚህ በኋላ የሚኖርበት ሌላ ቦታ አልነበረውም።

መጀመሪያ እንደ አደሱ አደረጉት። ፍሬውን ጨፍልቀው ከቅቤው ጋር አሹትና በኮባ ጠቅልለው አስተኙት፤ ሲፈታ ጠላ ሆኖ ጠበቀን። ቀጥለው ፍሬውን ፀሐይ ላይ አደረቁት፤ ዝንቡን በቅጠል ሳባርር የዋልኩት እኔ ነኝ፤ የደረቀው እንጆሪ ግን ራሱን ረስቶ ጭድ ጭድ ይላል። ከዚያ ቅቤውን አንጥረው ፍሬውን ከውስጡ አበሰሉት። ይሄኛው ማርማላታ ሆነና ከጌጤ ጋር በዳቦ ጨረስነው፤ አደ ጫልቱ ሊቆጡን ጀምረው መሀል ላይ ራሳቸውም ጣታቸውን አስገብተው ላሱ። «ጥጋብ!» አሉ፣ ለእኛ ይሁን ለራሳቸው ሳይታወቅ።

በመጨረሻ ያገኙት ዘዴ ፍሬውን ከቅቤው ጋር ጨርሶ ያለማነካካት ነበር። ቅቤውን በሰፊ ገበታ ላይ ስስ አድርገው ዘረጉት፤ ከላዩ አዲስ ሻሽ አለበሱት፤ በሻሹ ላይ በዚያው ጠዋት የተለቀመ ፍሬ ደረደሩና በሌላ ገበታ ከደኑት። የደከመውን ያነሳሉ፣ ትኩሱን ይተካሉ፤ እንደገና ያነሳሉ፣ ይተካሉ። የተነሳው ሁሉ ለእኛ ስለሆነ ወፎቹን ፈጽሞ ረሳኋቸው። ለሆቴል የሚሄደው ቅርጫት መጀመሪያ ጎደለ፣ ከዚያ ሰው ሲጠይቅ ዘንድሮ የለም ተባለ፤ እስከ ሠርጉ የተለቀመው በሙሉ በዚያ ሻሽ ላይ አለቀ። ሰፈሩ አደ ጫልቱ አበዱ ይል ጀመር። እናቴ ግን የተነጠረ ቅቤ በሰሃን ይዛ ገብታ፣ ለሠርጉ ወጥ ብላ አስቀምጣ፣ ገበታውን ገልጣ አሸተተችና እጇን ታጥባ ፍሬ መደርደር ጀመረች።

የሠርጉ ዋዜማ ፀሐይ ልታዘቀዝቅ ስትል ሴቶቹ ጓዳ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ጌጤ በርጩማ ላይ ተቀመጠች፤ አደ ጫልቱ ገበታውን ከፍተው ሻሹን አነሱት። ማሳው ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ማሳው እንዳለ ነበር! ጣፋጩ፣ ኮምጣጣው፣ የሞቀው ጭድ እንኳ ሳይቀር፣ በዚያች ጠባብ ጓዳ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነበር። ሴቶቹ እልል አሉ። እናቴ እንባዋ መጣና «ጌታ ይባረክ» አለች፤ ያች ሽቶ የምትጠላ ሴት። አደ ጫልቱ ቅቤውን በመዳፋቸው እያቀለጡ የልጃቸውን ራስ ከግንባር እስከ ማጅራት ቀስ እያሉ ቀቧት፤ ሲጨርሱ እጃቸውን አልታጠቡም፤ ፊታቸው ላይ አድርገውት ለረዥም ጊዜ ቆዩ። እኔ በሕይወቴ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

ጠዋት ሙሽራዋን ልናለብስ ስንገባ ጓዳው የሚሸተው ቅቤ ነው። ቅቤ ብቻ። ለጋ፣ ንጹሕ፣ ማንኛዋም ሙሽራ ራስ ላይ የሚገኝ ቅቤ። በቅሉ ውስጥ የተቀመጠውን ብንከፍት እሱም ያው። ሌላው ሁሉ ወጥቶ ሄዷል። ሴቶቹ እርስ በእርስ ተያዩ። አደ ጫልቱ ገቡ፤ ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ልጃቸው ፀጉር ውስጥ ከተቱ፤ ሳቡ፤ እንደገና ሳቡ። ከዚያ ቀና ብለው «ጉንፋን ይዞኛል መሰለኝ» አሉ። «ይሸታል?»

እናቴ፣ እንግዳ ሲመጣ የለችም በሉ ማለትን እንኳ ኃጢአት ነው ብላ የማትሸሸግ እናቴ፣ ከሁሉ ቀድማ «ይሸታል አደ ጫልቱ፣ እሱ ራሱ ነው» አለቻቸው። ሌሎቹም እሱ ነው፣ እሱ ነው እያሉ ተቀበሏት። ጌጤም ከበርጩማዋ ላይ ሆና ይሸታል አለች። እኔንም ዞረው አዩኝ፤ እሱ ነው አልኳቸው። አንድ በአንድ አይተውን ሲያበቁ «ተመስገን» ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉና እንግዳ ሊቀበሉ ወጡ። አምነውን ይሁን ሳያምኑን በዚያን ጊዜ አላወቅኩም። ትንሽ ቆይቶ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ፤ ጌጤ ምንም እንጆሪ የማይሸት ቅቤ በቅል ታቅፋ አሰላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ አደ ጫልቱ እንጆሪ አልለቀሙም። ፍሬው በየጭዱ ላይ በስሎ በስሎ ወፍ እንደፈለገው ሆነ፤ እኔ ግን ልበላው እንኳ አልቻልኩም። ጥቂት ቆይቶ ዶዘሩ መጣ። ጠዋት ከላይ ከጤፉ ማሳ ጀመረና አራት ሰዓት ገደማ እንጆሪው ላይ ደረሰ፤ በዚያ ብረት ሰንሰለት ሥር ያ ሁሉ የበሰለ ፍሬ ሲፈርጥ ከዚያ በፊት ሸትቶ የማያውቅ ሽታ ሸተተ። ሰፈሩን ሞላው። ሴቶች ከየቤታቸው ወጡ፤ ሾፌሩ ራሱ ሞተሩን አጥፍቶ ምንድነው ነገሩ እያለ ዙሪያውን አየ። አደ ጫልቱ ደጃፋቸው ላይ ቆመው እስኪበቃቸው ሳቡትና ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። እስከ ማታ ሸተተ። ጠዋት የሚሸተው ናፍጣ ነበር።

ይሄ ሁሉ እንግዲህ ባለፈው ጥር፣ ጌጤ ከሱቄ ወጥታ ከሄደች በኋላ፣ ያን የማስቲካ ጠርሙስ ይዤ ያሰብኩት ነው። እና ምን ላድርግ? ዘይቱን ወደሚያስመጣልኝ ነጋዴ ደወልኩና እውነተኛ የእንጆሪ ዘይት ከየትም ቢሆን ፈልግልኝ አልኩት። ሳቀብኝ። የብርቱካን ልጣጭ ዘይት አለው፤ ጽጌረዳ አላት፤ ጠጅ ሳር አለው፤ ከእንጆሪ ግን ለሽቶ የሚሆን ዘይት ጨምቆ ያወጣ ሰው የለም አለኝ፤ በዓለም ላይ እንጆሪ ተብሎ የሚሸጠው ሽቶ ሁሉ፣ ውዱም ርካሹም፣ ሰው እንጆሪ ይሄን ይመስላል ብሎ ከሌላ ከሌላ ነገር አስመስሎ የቀመመው ነው። ድሮ በሰው አገር ሽቶ ሠሪዎች አበባን ስብ ላይ እየደረደሩ ሽታውን ይወስዱ እንደነበርም የነገረኝ እሱ ነው። ለአንዳንድ አበባ ይሠራል አለኝ። ለእንጆሪ አይሠራም።

አፈሩን ላገኝ ብዬ ሀና ማርያም ሄድኩ። ማሳው የነበረበት ላይ ፎቅ አለ፤ ከፎቁ ጎን፣ ድሮ ውሃ በሚጠለፍበት፣ ላቫጆ አለ፤ ጎረምሶች በሳሙና አረፋ መኪና ያጥባሉ። አፈር የሚባል የሚታየው ከአጥሩ ሥር ባለች ስንጥቅ ውስጥ ነው። በጣቴ ጫርኩና አሸተትኩት። ዘይትና ኦሞ። አንዱ ጎረምሳ የጠፋብሽ ነገር አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ፤ የለም ብዬው ተመለስኩ።

ሱቄን ዘግቼ መቀመም ጀመርኩ። የዱባዩን እንጆሪ መነሻ አደረግኩ፤ ማስቲካውን እንዲያደክምልኝ የታጨደ ሣር የሚሸት ዘይት ጠብ አደረግኩበት፤ ለኮምጣጣው ሎሚ፤ ለአፈሩ የስር ሽታ ያለው ዘይት፤ ጭድ ገዝቼ አልኮል ውስጥ ዘፈዘፍኩ። አንዴ ይበዛል፣ አንዴ ያንሳል፣ እንደገና እደፋለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለአንድ ትንፋሽ፣ የእናቴ እጅ ፍሬ ሲደረድር የታየኝ መሰለኝ፤ ደግሜ ብስበው የለም። ከዚህ የተሻለ አላወጣም ያልኩትን አዲስ ሻሽ ላይ ነክሬ ጀሞ ይዤ ሄድኩ።

አደ ጫልቱ አልጋቸው ውስጥ የልጅ ያህል ሆነዋል። ከላይኛው ፎቅ መውረድ ካቆሙ ቆይተዋል፤ በመስኮቱ የሚታየው የሌላ ሕንፃ መስኮት ነው። ያውቁኛል ብዬ አልጠበቅኩም ነበር፤ እሳቸው ግን ገና ስገባ ፊታቸው በራ። «ወፍ ጠባቂዋ» አሉኝ። ሻሹን እጃቸው ላይ አደረግኩላቸው። ጌጤ በሩ ላይ ቆማ አፏን በእጇ ይዛለች። አደ ጫልቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሳቡ፤ እንደገና ሳቡ። እባክህ ጌታዬ አልኩ፣ ከእነዚያ ወፎች ወዲህ ጸልዬ እንደማላውቀው። ዓይናቸውን ከፈቱና መጀመሪያ ጌጤን፣ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«እሱ ነው» አሉ። «እሱ ራሱ ነው። ጎሽ፣ የኔ ልጅ።»

ጌጤ ማልቀስ ጀመረች፣ ደስ ብሏት። እኔ ግን ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። የእናቴ ድምፅ ነው፤ የዚያን የሠርግ ጠዋት ጓዳ ውስጥ የነበርነው የሁላችንም ድምፅ ነው። ያን ዕለት ሁሉንም አውቀው ነበር ለካ። ይህን ሁሉ ዓመት አውቀው ኖረው፣ አሁን ብድራችንን መለሱልን። ሻሹን በሥርዓት አጣጥፈው ወደ ግድግዳው በኩል አስቀመጡት፤ እጄን ይዘው ጥቂት ቆዩና ደከመኝ ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለ እንጆሪ አላነሱም አለችኝ ጌጤ። ብዙም አልቆዩ። ሀና ማርያም ነው የተቀበሩት፤ ቢያንስ ለእሱ የሚሆን ቦታ አልጠፋም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሆኖብኛል። ድሮ ዓይኔን ጨፍኜ ማሳውን ስጠራው ይመጣልኝ ነበር፤ ደካማ ቢሆንም ይመጣ ነበር። አሁን ስጠራው የሚመጣው እኔ ሱቅ ውስጥ የቀመምኩት ነው፤ ማስቲካው፣ ሎሚው፣ አልኮል ውስጥ የተዘፈዘፈው ጭድ። ያው ደጋግሜ ሳሸተው፣ ሳስተካክለው፣ አፍንጫዬ ውስጥ በነበረው በማሳው ሽታ ላይ ደፋሁበት። አደ ጫልቱ የሉም፣ እናቴ የለችም፣ ጌጤን ብጠይቃት አንቺ የሠራሽው ራሱ ነው እኮ ትለኛለች፤ እሷ አምናለች። የሚያርመኝ ሰው በዚህ ከተማ ውስጥ የለም። ትናንት አንዲት ልጅ ከቀዩ ጠርሙስ እጇ ጀርባ ላይ ጠብ አድርጌላት አሸተተችና፣ እትዬ፣ እውነተኛው እንጆሪ እንዲህ ነው የሚሸተው ብላ ጠየቀችኝ። እሱ ራሱ ነው አልኳት።